ከፒያሳ የመጣው ድፎ

ልብስ ሰፊው አስማረ በኅዳር ገብርኤል ማለዳ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ከዳቦ ቤቱ ሲወጣ፣ የሚያውቀው ሰው እንዳያጋጥመው ግራ ቀኙን ይቃኝ ነበር። ፒያሳ ደግሞ እሱን የማያውቅ ሰው የሚገኝበት ስፍራ አልነበረም። የስፌት መኪናውን አንድ በረንዳ ሥር ዘርግቶ ወጣትነቱንም ጉልምስናውንም የጨረሰው እዚያው ነው። የሙሽራ ሱሪ ያሳጠረለት፣ የተማሪ ደንብ ልብስ የሰፋለት፣ የተቀደደ ኪስ የጠቀመለት ሰው ሁሉ በየማዕዘኑ ቆሞ ሰላም ይለዋል። ስለዚህ ገና ሱቆች ሳይከፈቱ መጣ፤ ወደ መስታወቱ ተጠግቶ በኮባ የተጋገረውን ትልቁን ድፎ በጣቱ አመለከተ፤ ከፍሎም መልሱን ሳይቀበል ወጣ። ሻጯ ልጅ ከኋላው «አባባ! አባባ፣ ቆዩኝማ!» ስትል ሰምቷል። መልሱን ልትሰጠኝ ነው ብሎ እርምጃውን አፈጠነ።

ድፎውን በጋቢው ውስጥ ደረቱ ላይ አቅፎ ባጃጅ ውስጥ ገባ። ትኩስ ነበር፤ ሙቀቱ ሸሚዙን አልፎ ሆዱ ድረስ ይሰማዋል። ሾፌሩ በመስታወት አየት አደረገውና፣

«ሕፃን ነው እንዴ አባባ? ታሟል?» አለው።

«ደኅና ነው። ቀስ ብለህ ንዳ።»

ይህችም ውሸት ሆና እንደምትቆጠርበት ተሰማው። ለቀኑ የመጀመሪያዋ ነበረች።

ነገሩ ሁሉ የመጣው በሚስቱ ሞት ነው። አበቡ አምና በክረምት መግቢያ ስታርፍ፣ ከእናቷ በወረሰችው የገብርኤል ማኅበር ውስጥ ቦታዋ ባዶ ቀረ። በዚያ ማኅበር ደንብ የሟች ቦታ ለባል ወይም ለልጅ ሊተላለፍ ይችላል። ነገር ግን ወራሹ አባል የሚባለው የመጀመሪያ ተራውን አውጥቶ፣ በቤቱ ተዘክሮ፣ ማኅበርተኛው በዚያው ቀን ሲስማማበት ብቻ ነው። ደንቡ ሌላም ነገር አለው። ጠላውን ጎረቤት ተሰብስቦ ቢጠምቀው፣ ወጡን ሴቶች ተጋግዘው ቢሠሩት የሚከፋ የለም። ዳቦው ግን ከባለተራው ቤት ዱቄት፣ በባለተራው ቤት እጅ ተቦክቶ፣ በባለተራው ቤት እሳት ይበስላል። የተገዛ ዳቦ ለገብርኤል አይቀርብም።

ከጃናሞራ መጥተው ከተማ የከረሙት አያ ባዬ፣ የማኅበሩ ሙሴ ማለትም ሰብሳቢው፣ ነገሩን በተሰበሰበው ፊት በግልጽ አንሥተውት ነበር።

«አስማረን እንወደዋለን፤ ሸጋ ሰው ነው። ግን ሴት የሌለበት ቤት ዝክር እንዴት ይሸከማል? ምነው ልጁን በማይችለው ነገር እናስጨንቀዋለን?»

ጠጉሩ የሸበተውን ሰው ልጅ ማለታቸው አንዳንዱን አሳቀ። አስማረ አልሳቀም። ተነሥቶ ቆመና፣ «ዳቦው በቤቴ ይጋገራል። ልጄ ፍሬ ትጋግራለች። የአበቡ ቦታ አይዘጋም» አለ። ጎረቤቱ እንኳየሁ የአበቡ የልብ ወዳጅና የማኅበሩም አባል ነበረች። በኋላ ለብቻው ይዛው፣ «አያ አስማረ፣ እኔ መጥቼ ባቦካው ምን አለበት? እጅ ያው እጅ ነው» ስትለው እንኳ፣ «ልጅ አለችኝ» ብሎ መለሰላት። ሌላ ቀንም ጠየቀችው፤ ያንኑ አላት።

ለምን እንዲህ እንደ ጸና ለማንም አልተናገረም። አበቡ ከሞተች ወዲህ ቤቱን ሰው የሚረግጠው አልፎ አልፎ ነበር፤ ስሟን የሚያነሣም ሰው እየቀነሰ ሄዷል። በወር አንድ ቀን ግን እነዚህ ሰዎች ተሰብስበው ጽዋ ሲያነሡ ሙታናቸውን በክርስትና ስም እየጠሩ ይጸልያሉ። አመተ ገብርኤል የሚለው ስሟ በሰው አፍ ሲነገር የሚሰማው በዚያ ቀን ብቻ ነው። ወራሽ ያጣ ቦታ ሲዘጋ፣ ሙት ዓመቱ ካለፈ በኋላ ስሙም ከጸሎቱ ይወጣል። የአበቡ ሙት ዓመት አልፏል። አስማረ የሚፈራው ይህንን ነበር።

ልጁ ፍሬ ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ናት። ከሥራ ወጥታ ልታቦካ ዱቄቱን ነፍታ አስቀምጣ ሳለ፣ የምትተካት ባልደረባዋ ታማ ሌላ ፈረቃ ተጨመረባት። በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ደወለች።

«አባዬ፣ ምን ላድርግ? በሽተኛ ጥዬ አልወጣ።»

«ታዲያ ዳቦውስ?»

«ከዳቦ ቤት ግዛ። በኮባ የሚጋግሩ አሉ፤ የቤት ነው የሚመስለው።»

«ለገብርኤል? ልጄ፣ ለገብርኤል?»

«ዱቄት ያው ዱቄት ነው አባዬ። ካልሆነ እትዬ እንኳየሁን ለምናት።»

ሊለምናት ጋቢውን ለብሶ እስከ አጥሯ ሄዶ ነበር። ከውስጥ ስትስቅ ሰማት። እንቢ ያላትን አስታወሰ፤ ሳቁ በእሱ ላይ የሆነ ያህል ቆጥሮት ተመለሰ።

አሁን ድፎውን ከነኮባው ሰፌድ ላይ አስቀምጦ ንጹሕ ነጠላ አለበሰው። ቀጥሎም ወደ ማድቤት ገብቶ ምጣዱ ሥር እንጨት አነደደ፤ ምንም ሳይጋግርበት አጋለው። የዳቦ ቤቱ ስምና ስልክ የታተመበትን ፌስታል እሳት ውስጥ ጨመረ። ገበቴውን በውኃ ለቅልቆ ጠርዙ ላይ ጥቂት ዱቄት በጣቱ ቀባ። የውስጥ ክር ሳይታይ እንዴት እንደሚዘጋ የሚያውቅ ሰው ነው። ቢሆንም ሥራውን ጨርሶ ራቅ ብሎ ሲያየው፣ ያልተጋገረበት ማድቤት ያልተጋገረበት ይመስላል። ምን እንደ ጎደለው ግን ሊደርስበት አልቻለም።

ወደ ቀትር ግድም እንኳየሁ የምስር ወጡን ድስት ተሸክማ ገባች።

«እንኳን አደረሰዎ አያ አስማረ! ፍሬስ?»

«ሥራ ገባች። ጋግራ ነው የሄደችው።»

«ጋግራ!» ድስቱን አስቀምጣ ነጠላውን ገለጥ አደረገች። «እሰይ! ሸጋ አድርጎ ወጥቶላታል። ምነው ግን ጠርዙ እንዲህ እኩል ሆነ? በመቀስ የከረከሙት ነው የሚመስል።»

«የሰፊ ልጅ አይደለችም?»

«እሱስ እውነት ነው» ብላ ሳቀች። ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ። ጎንበስ ብላ አሸተተች። «ጥቁር አዝሙድ አልጨመረችበትም?»

«ረስታው ይሆናል።»

«አበቡ ያለ ጥቁር አዝሙድ አትጋግርም ነበር።»

«አውቃለሁ።»

ነጠላውን ቀስ ብላ መለሰችውና ፊቱን አየችው። አስማረ ዓይኑን ወደ ደጅ አደረገ። ሦስተኛዋ ውሸት ትሁን አራተኛዋ፣ ቁጥሩ ጠፍቶበት ነበር። እንኳየሁ ሌላ አልጠየቀችም። ድስቷን አንሥታ ወደ ማድቤት ስትገባ ግን እግሯ ከወትሮው የዘገየ መሰለው።

ከማኅበርተኛው ሁሉ ቀድሞ የደረሰው ፋንታሁን ነበር። በጭነት ባጃጅ ለዳቦ ቤቶች ዱቄት የሚያመላልስ፣ በዕድሜ ከሁሉም የሚያንስ፣ ወሬው የማያልቅ ሰው ነው።

«ጋሼ አስማረ፣ ዛሬስ የቤት ዳቦ ልንበላ ነው!» አለ እጁን እያፋተገ። «የከተማውን ዳቦ ማየት አስጠልቶኛል። የማራግፈውን ባያዩት ይሻልዎታል።»

«ምን አለበት?» አለ አስማረ፤ ለወግ ያህል ነበር የጠየቀው።

«ምን የሌለበት አለ! ድሮ ዱቄት ብቻ ነበር የማወርደው። አሁን የዱቄት ወተት በከረጢት፣ እንቁላል በካርቶን ነው። ድፎው ሳይቀር ወተት ይገባበታል። ላዩን እንቁላል ቀብተውት ነው እንዲያ የሚያብረቀርቀው። በእርግጥ ለጾም ለብቻው ይጋግራሉ፤ ካልጠየቁ ግን ፊት ለፊት ያለውን አንሥተው ይሰጡዎታል። ጾሙ የገባ ዕለት እናቴ ላይ የደረሰውን አልነገርኩዎትም?»

«አልነገርከኝም።»

«እህቴ ገዝታላት አንድ ቁራሽ ቀመሰች። ለካ ባለ ወተቱ ነው! ስታውቅ ጣቷን ጉሮሮዋ ውስጥ ከትታ… ኧረ ምኑን ላውራው። እስከ ዛሬ እህቴን አታናግራትም። የንስሐ አባቷ ቀኖና ሰጥተዋት በዚያ ጉልበቷ ስትሰግድ ነው የምትውል።»

ፋንታሁን እናቱን የሚወድ ልጅ እንደሚስቀው ሳቀ። አስማረ ግን ቀኑን ቆጠረ። ጾመ ነቢያት የገባው ገና ሰሞኑን ነበር። ዳቦ ቤቱ መስታወት ፊት ቆሞ ሳለ ሐሳቡ ሁሉ ማን ያየኛል በሚለው ላይ ስለነበር፣ የጾም ነው ወይስ የፍስክ የሚለው ጥያቄ በአእምሮው እንኳ አላለፈም።

ወደ ጓዳ ገብቶ ነጠላውን ገለጠ። የድፎው ገጽ በመስኮቱ ብርሃን አብለጨለጨ። ጠዋት ይህን ሲያይ የእሳቱ ነገር ነው ብሎ ነበር። ከጠርዙ አንዲት ፍርፋሪ ቆርሶ ወደ ከንፈሩ አስጠጋትና እጁ አየር ላይ ቀረ። ቢቀምሳት ምናልባት ያውቅ ነበር፤ ቢቀምሳት ግን ለሌላው የፈራውን በራሱ ላይ ያደርገዋል። ፍርፋሪዋን ወደ ሰፌዱ መለሳት። ወዲያው የልጅቷ ድምፅ መጣበት፤ «አባባ፣ ቆዩኝማ!» ስለ መልሱ ነበርን? ወይስ ሌላ የምትለው ነገር ነበራት?

ፍሬ ዘንድ ደወለ፤ ስልኳ ዝግ ነው። ዳቦ ቤቱ ዘንድ እንዳይደውል ቁጥሩን ከፌስታሉ ጋር አቃጥሎታል። ሮጦ ፒያሳ ደርሶ ልመለስ ብሎ ወደ በሩ ሲያመራ፣ ከግቢው መግቢያ የአያ ባዬ ሳልና የቄስ ወልደ ገብርኤል መቋሚያ ድምፅ ተሰማ። ከቅዳሴ የወጣው ሰው ተከታትሎ እየገባ ነበር።

ቤቱ ሞላ። ወንዶቹ መደቡ ላይ፣ ሴቶቹ ምንጣፉ ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። ከማለዳ ጀምሮ እህል ውኃ ያልቀመሱ ሰዎች ናቸው። የአያ ባዬ ከንፈር ደርቆ ተሰነጣጥቆ ነበር። ድፎው መጥቶ በመካከል ተቀመጠ፤ ነጠላው ተነሣ፤ አንዲት አሮጊት «ተባረክ» ሲሉት አስማረ መሬት መሬት አየ። ቄስ ወልደ ገብርኤል ተነሥተው ጸሎቱን ጀመሩ።

አስማረ ጸሎቱን አልሰማም። ልቡ እየተሟገተ ነበር። ምናልባት የጾሙ ይሆናል። ባይሆንስ ማን ያውቃል? እነሱ ሳያውቁ የበሉት ለእነሱ ኃጢአት አይሆንም፤ ዕዳው የእኔ ብቻ ነው፤ እኔ ደግሞ እሸከመዋለሁ። ይህ ሐሳብ ለጥቂት ጊዜ አሳረፈው። ነገር ግን ዓይኑን ቀና ሲያደርግ ያች አሮጊት ለቁራሹ እጃቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሲጠርጉ አየ፤ የፋንታሁን እናት ጣት ትዝ አለው። ብናገር ደግሞ አያ ባዬ ያሉት ሊፈጸም ነው። ቦታው ዛሬውኑ ይዘጋል። ስሟም አብሮ ይዘጋል።

ቄሱ ቢላዋውን አንሥተው መስቀላቸውን ወደ ዳቦው ዘረጉ።

«አባ፣ ይቆዩኝ።»

ድምፁ ከራሱ አፍ መውጣቱን ያወቀው ሰው ሁሉ ወደ እሱ ሲዞር ነው።

«ምነው አስማረ?» አሉ ቄሱ።

«ዳቦው የቤቴ አይደለም። ፍሬ አልጋገረችም። ከፒያሳ ገዝቼ ነው ያመጣሁት።» በእጁ ወደ ድፎው አመለከተ። «ይሄ የእኔ ውሸት ነው፤ ትፈርዱብኛላችሁ። የባሰው ግን ሌላ ነው። የጾም ይሁን የፍስክ አላውቅም።»

ቢላዋው ቀስ ብሎ ወደ ሰፌዱ ወረደ።

«አላውቅም ማለት?» አሉ አያ ባዬ።

«አልጠየቅሁም። ሰው እንዳያየኝ ስል ቶሎ ወጣሁ።»

«ገዝተህ ስታበቃ ምን እንደ ገዛህ አታውቅም?»

«አላውቅም አያ ባዬ።»

«ሴት የሌለበት ቤት ብዬ አልነበር?» አሉ ባዬ ወደ ተሰበሰበው ዞረው።

«ሴት ባለበትም ቤት ስንት ጉድ አለ» አለች እንኳየሁ ከምንጣፉ። «ፍርዱ ይቆየንና አስቲ ዳቦው ይጣራ።»

ቄስ ወልደ ገብርኤል ድፎውን አዩት። «ሳንጠረጥር ብንበላው ነገሩ ሌላ ነበር» አሉ። «አንዴ ከተጠረጠረ ግን ሳይጣራ አልባርከውም። ይጠየቅ።»

ቁጥሩ የተገኘው ከፋንታሁን ነው፤ ዱቄት የሚያራግፍበት ቤት ሆኖ ተገኘ። ደውሎ ስልኩን ለአስማረ ሰጠው። አስማረ ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ አድርጎ በእጁ መዳፍ ላይ ያዘው። ኔትወርኩ አንድ ጊዜ ቆረጠ። ሁለተኛ ሲደወል ረጅም ጮኸ።

«ሃሎ፣ ዳቦ ቤት ነው።»

«ልጄ፣ ጠዋት ድፎ የገዛሁት ሰው ነኝ።»

«የቱ? ብዙ ሰው ገዝቷል እኮ።»

«ጋቢ የለበስኩት።»

«ብርድ ነው አባባ፣ ሁሉም ጋቢ ለብሷል።»

ከሴቶቹ አንዷ ሳቋን በነጠላዋ አፈነች።

«መልሱን ሳልቀበል የሄድኩት።»

«ውይ! እርስዎ ነዎት? ስጣራ ጥለውኝ ሄዱ! ኧረ ለመልሱ አልነበረም የጠራሁዎት። ያነሡት የሰው ትእዛዝ ነው፤ የልጅ ልደት ነበር። ባለቤቶቹ መጥተው እንዴት እንደ ጮኹብኝ!»

«ወተት አለው?»

«ወተትም እንቁላልም አለው። ቅቤም ገብቶበታል መሰለኝ። የጾሙ በወዲያ በኩል ነበር።» ከዚያ ድምፅዋ ቀዘቀዘ። «አባባ… በሉት እንዴ?»

«አልበላንም» አለ አስማረ።

ስልኩን ዘግቶ ለፋንታሁን መለሰለት። አሮጊቷ እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ከተቱ። ማንም አልተቆጣም። እንኳየሁ ተነሥታ ሰፌዱን ከነድፎው አነሣችና፣ «ይሄ ለጎረቤታችን ለሐጂ ኑሩ ልጆች ይሂድ፤ እነሱ ጾም ላይ አይደሉም» ብላ በአጥሩ በኩል አቀበለችው። መካከሉ ባዶ ሆነ።

«ያለ ዳቦ ዝክር አይወጣም» አሉ ባዬ።

«እኔ ቤት አለ» አለች እንኳየሁ።

«ደንቡስ?»

እንኳየሁ ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ደንቡን እሷም ታውቀዋለች።

«አስማረ» አሉ ቄሱ፣ «በዚህ ቤት ዱቄት የለም?»

«ፍሬ የነፋችው አለ አባ።»

«እሳትስ?»

«ነድዷል።»

«እጅስ?»

አስማረ እጆቹን አየ። መርፌ የወጋቸው፣ መቀስ ያጎበጣቸው እጆች ናቸው። ሊጥ ነክተው አያውቁም።

«ለማቡካት ጊዜ የለም፤ ቂጣ ይበቃል» አሉ ቄሱ። «ቂጣ ዳቦ አይደለም የሚል ካለ አሁን ይናገር።»

ሁሉም ወደ አያ ባዬ አየ። እሳቸው የደረቀ ከንፈራቸውን በምላሳቸው አራሱ። «ይጋግር አስቲ» አሉ።

እንኳየሁ ማድቤት ደፍ ላይ ክንዷን አጣጥፋ ቆመች። እጇን ላለመዘርጋት የፈለገችው ለደንቡ ብላ እንደሆነ አስማረ ገብቶታል። ዱቄቱን ገበቴው ላይ አፍስሶ ውኃ ጨመረበት።

«ኧረ በዛ! ውኃው በዛ! ሱሪ ሊነክሩ ነው እንዴ?»

«አሁንስ?»

«አሁንማ አጥሚት ሆነ። ዱቄት ይመልሱበት። ቀስ ብለው! ጨው የት አለ?»

«ጨው ይገባበታል?»

«ወይ አበቡ» አለች እንኳየሁ ወደ ጣሪያው እያየች፣ «ምን ስታበዪው ኖርሽ ሰውዬሽን?»

ሊጡ በጣቶቹ መካከል ተጣብቆ አልላቀቅ አለ። ያሸዋል፤ ይጎትተዋል፤ ይቀደድበታል። ጨርቅ ቢሆን የት እንደሚያዝ ያውቅ ነበር። ከሳሎኑ የሚሰማው ሳል ሁሉ ሰው ሊነሣ ሲል የሚያሰማው ሳል ይመስለዋል። ፀሐይ ወደ መስኮቱ ግርጌ እየወረደች ነው፤ የተራበ ጿሚ እስከ መቼ ይቀመጣል? የመጀመሪያው ቂጣ ምጣዱ ላይ ሲያርፍ ተቀደደ። ሁለተኛው አንድ ጎኑ አረረ። እሱን ሲገለብጥ ጣቱን ተቃጠለ፤ ጣቱን አፉ ውስጥ ሊከት ሲል ሊጡን አስታውሶ ተወው። ሲጨርስ ጀርባው በላብ ርሷል።

ወደ ሳሎን ይዞ ሲገባ ማንም አልሄደም ነበር።

ቄስ ወልደ ገብርኤል ባረኩት፤ ቆረሱት፤ ዞረ። ቤቱ በማኘክ ድምፅ ተሞላ። አስማረ የራሱን ቁራሽ ሲቀምስ መካከሉ ጥሬ መሆኑን አወቀ። የሚደበቅበት አጣ።

«ጋሼ አስማረ» አለ ፋንታሁን መንጋጋውን ይዞ፣ «ጥርሴን ከጥርሴ ጋር ሰፉት እኮ።»

ሳቅ ተነሣ፤ ወዲያውም በረደ። አያ ባዬ አልሳቁም ነበርና። ቁራሻቸውን ጨርሰው፣ ፍርፋሪውን ከጉልበታቸው ለቅመው፣ ጽዋውን አንሥተው በእጃቸው እንደያዙት ወደ አስማረ ዞሩ። አስማረ የጠላውን ማንቆርቆሪያ ይዞ ቆሞ ነበር። ጊዜው እንደ ደረሰ አወቀ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አሉ። «ይሄ ፋንታሁን ወሬኛ ባይሆን ኖሮስ? ስለ እናቱ ባያወራህ ኖሮስ?»

አስማረ ሊላቸው የሚችለውን ነገር ሁሉ አሰበ። ልቤ ደንግጦ ነበር፤ መናገሬ አይቀርም ነበር፤ ገብርኤል ያሳስበኝ ነበር። እንዲህ ያለውን መልስ የሚወድ ሰው ቤቱ ውስጥ ሞልቷል። ማንቆርቆሪያው ከበደው።

«አበላችሁ ነበር» አለ።

እንኳየሁ ዓይኗን ጨፈነች። አስማረ ከዚህ በኋላ የሚመጣውን አውቆ ጠበቀ። በልቡ የአበቡን ስም አንድ ጊዜ ጠራ፤ ምናልባት ሌላ የሚጠራው ላይኖር ነው ብሎ።

አያ ባዬ ጽዋውን አላስቀመጡም። «ያለፈው አለፈ አልልም» አሉ በቀስታ። «ውሸት ተዋሽቷል፤ ለእሱ አባታችን ያውቁልሃል። ደንቡ ግን ላንተ ተብሎ አይለወጥም። ተራህ ሲደርስ ዳቦው ከዚህ ቤት ይወጣል። ቂጣም አንቀበልም፤ እንዲህ ያለውን ሁለተኛ የሚችል ጥርስ የለኝም። የሚቃወም አለ?»

የሚቃወም አልነበረም። ባዬ ከጽዋው ተጎነጩና ለጎናቸው ሰው አቀበሉ።

አስማረ «እሺ» ብሎ ራሱን ዝቅ አደረገ። የተባለው ነገር የገባው ግን ወዲያው አይደለም። የተቆጡት ነበር የመሰለው። ጽዋው መደቡን ዞሮ ወደ ሴቶቹ ሲያልፍ፣ ቄስ ወልደ ገብርኤል ተነሥተው የሙታኑን ስም መጥራት ሲጀምሩ፣ በስሞቹም መካከል፣ ከፊትም ከኋላም ሳይሆን ከሌሎቹ ጋር እኩል ተደርድሮ፣ አመተ ገብርኤል የሚለው ሲሰማ ነው ነገሩ የገባው። አያ ባዬ ያሉት «ተራህ ሲደርስ» ነበር፤ ቦታው አልተዘጋም ማለት ነው።

ደስታው ግን ብዙ አልቆየለትም። ተራ ካለ ተራው ይደርሳል። ያን ዕለት ፍሬ ፈረቃ ላይ ብትሆንስ? ድፎ ቂጣ አይደለም፤ ማደር አለበት፤ መነሣት አለበት፤ በብርድ ወር ቢውልስ ሊጡ እንዴት ይነሣል? ለእንኳየሁ ለመቅዳት ጎንበስ እንዳለ ወደ ጆሮዋ ተጠጋ።

«እርሾ ስንት ቀን ነው የሚቀመጠው?»

«ጸሎት ላይ ነን አያ አስማረ!» አለች በሹክሹክታ። «ማንቆርቆሪያውን ቀና ያድርጉ፤ ጠላው እግሬ ላይ እየፈሰሰ ነው።»